ካፌው በር ላይ የተለጠፉት ሰባት ወረቀቶች፦ የማስታወቂያ ሂስ

በ2012 ክረምት፣ ወንበሯን ገልብጣ የቆየችው የሰፈራችን ካፌ እንደገና ተከፈተች። ማኪያቶ ናፍቆኝ ስሄድ በሩ ላይ ሰባት ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። ቆጥሬአቸዋለሁ፤ ፎቶም አንስቻቸዋለሁ። «ያለ ማስክ መግባት ክልክል ነው»፣ «እጅዎን ይታጠቡ»፣ «ሙቀትዎን ይለኩ»፣ «ርቀትዎን ይጠብቁ»፣ «በአንድ ጠረጴዛ ከ3 ሰው በላይ መቀመጥ ክልክል ነው»፣ «ካፌያችን በየቀኑ በኬሚካል ይጸዳል»፣ እና ጽሑፍ የሌለው አንድ ሥዕል።

ጊዜውን ለማታስታውሱ፦ በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ተገኘ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ በኋላ ሥራ የቀጠለም ሆነ ዘግቶ የከፈተ ሁሉ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈ። ባንኩ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ፋርማሲው፣ ታክሲው። በአንድ ጊዜ ይህን ያህል የጤና ማስታወቂያ ከተማ ሲሞላ እኔ አይቼ አላውቅም።

መጽሐፍ ይተቻል፣ ፊልም ይተቻል። የበር ላይ ወረቀት ለምን አይተችም? እንዲያውም ከልብ ወለድ የከበደ ሥራ አለበት። በሦስት ሰከንድ ውስጥ የማያውቀውን ሰው አስቁሞ፣ ሌላ የማያውቀው ሰው እንዳይታመም የሆነ ነገር እንዲያደርግ ማሳመን አለበት። ካልተሳካለት ጉዳቱ አስተናጋጇ ላይ፣ በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ላይ፣ ቤት ያሉት አያት ላይ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ዛሬ እነዚያን ሰባት ወረቀቶች እንደ አንድ ድርሰት አንብበን እንተቻቸው።

መተቻ መስፈርት

ማስጠንቀቂያዎች ለምን እንደሚሠሩና ለምን እንደማይሠሩ የሚያጠና የሳይንስ ዘርፍ አለ። በዚህ ዘርፍ የታወቀው አሜሪካዊው ተመራማሪ ማይክል ዎጋልተር፣ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ለመሥራት በተከታታይ በሮች ማለፍ እንዳለበት ያስረዳል። ቀለል አድርገን እንዲህ እንበለው፦ መጀመሪያ ሰው ሊያየው ይገባል። ካየው በኋላ ሊገባው ይገባል። ከገባው ሊያምነው፣ ካመነው ሊፈልገው፣ ከፈለገው ደግሞ ሊያደርገው መቻል አለበት። አንዱ በር ከተዘጋ መልእክቱ እዚያው ይቀራል።

እኔ አንድ ስድስተኛ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ መልእክቱ ራሱ እውነት ነው ወይ? በሽታው በዚያ መንገድ ነው የሚተላለፈው? ምክንያቱም ማስታወቂያ ማለት መላ ምት ነው። «እጅዎን ይታጠቡ» ብሎ የሚለጥፍ ሰው፣ አወቀውም አላወቀው፣ «ይህ በሽታ በእጅ ይተላለፋል» እያለ ነው።

ታየ ወይ?

ሰባቱ ወረቀቶች ሁሉም ኤ4 ነበሩ። ሁሉም በአንድ የበር መስታወት ላይ፣ አንዱ ከሌላው ጎን። ሰባት ሰው በአንድ ጊዜ ሲናገር ማንን ትሰማላችሁ? ማንንም። ዓይንም እንዲሁ ነው።

ፊደሉስ? ለምልክት ሥራ የሚያገለግል ቀላል ስሌት አለ፦ የፊደሉን ቁመት በ200 ብታባዙት በግምት ከምን ያህል ርቀት በምቾት እንደሚነበብ ታገኛላችሁ። የጠረጴዛውን ደንብ የያዘው ወረቀት ፊደሎች 4 ሚሊ ሜትር ያህል ናቸው። 4 ሲባዛ በ200፣ 80 ሴንቲ ሜትር። ማለትም «ርቀትዎን ይጠብቁ» ከሚለው ወረቀት አጠገብ ያለውን ጽሑፍ ለማንበብ በሩ ላይ መለጠፍ ነበረብን! የእኛ ፊደል ደግሞ ተጨማሪ ፈተና አለው። «ለ»ን ከ«ሉ»፣ «መ»ን ከ«ሙ» የምትለየው አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት። ፊደሉ ሲያንስ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት።

ቦታም አለ። «እጅዎን ይታጠቡ» የሚለው በሩ ላይ ነው፤ መታጠቢያው ግን ከግቢው ጀርባ። «ርቀትዎን ይጠብቁ» የሚለው በሩ ላይ ነው፤ ሰው የሚተፋፈገው ግን ሂሳብ መክፈያው ጋ። መልእክት ድርጊቱ በሚፈጸምበት ቦታ ካልተገኘ፣ ሰውየው እዚያ እስኪደርስ ረስቶታል።

ገባ ወይ?

ሰባተኛው ወረቀት፣ ሥዕል ብቻ የነበረው፣ የእኔ ተወዳጅ ነው። ማስክ ያደረገ ፊት አለ። ዙሪያውን ቀይ ክብ። በመሃሉ ቀይ ሰያፍ መስመር።

እስቲ አስቡት። ቀይ ክብ ከሰያፍ መስመር ጋር በዓለም አቀፉ የደህንነት ምልክቶች ደረጃ፣ በአይ ኤስ ኦ 7010፣ ትርጉሙ «ክልክል» ነው። አስገዳጅ ድርጊትን፣ ለምሳሌ «ማስክ አድርጉ»ን፣ የሚያመለክተው ሰማያዊ ክብ ነው። ቢጫ ሦስት ማዕዘን ማስጠንቀቂያ ነው፤ አረንጓዴ ደግሞ የመውጫ በርንና የመጀመሪያ እርዳታን የመሰለ የደህንነት መረጃ። እንግዲህ ያ ሥዕል በግልጽ ቋንቋ ሲነበብ «ማስክ ማድረግ ክልክል ነው» ይላል! ሠሪው «ጉዳዩ ጥብቅ ነው» ለማለት ቀይ እንደተጠቀመ ይገባኛል። ግን አንባቢ የሠሪውን ሐሳብ አያይም፤ የሚያየው ወረቀቱን ነው።

ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም። የአሜሪካው የደህንነት ምልክቶች ደረጃ፣ አንሲ ዜድ535፣ አንድ ሥዕላዊ ምልክት ያለ ጽሑፍ ብቻውን እንዲቆም በሰዎች ላይ ተፈትኖ ቢያንስ 85 በመቶው በትክክል እንዲረዱት ይጠይቃል። ሌላም መስፈርት አለው፦ ትርጉሙን ገልብጠው የሚረዱት ከ5 በመቶ መብለጥ የለባቸውም። ለምን ሁለት መስፈርት? አለመረዳትና ተቃራኒውን መረዳት አንድ ስላልሆኑ ነው። ያልገባው ሰው ይጠይቃል። ተገልብጦ የገባው ግን በልበ ሙሉነት ይሳሳታል።

ማንበብ ለማይችል ሰው፣ ወይም አማርኛ ለማያነብ እንግዳ፣ ከሰባቱ ወረቀቶች የሚናገረው ያ ሥዕል ብቻ ነበር። እሱም ዋሸው።

«ክልክል ነው» ማነው የሚለው?

አሁን ወደ ቋንቋው እንግባ። «ክልክል ነው» የሚለውን ሐረግ ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? ተናጋሪ የለውም። ማን እንደከለከለ አይታወቅም። ለምን እንደተከለከለም አይነገርም። በዚያ ላይ በጣም የለፋ ሐረግ ነው። «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው»፣ «ማስታወቂያ መለጠፍ ክልክል ነው»፣ እና የሁሉም ንጉሥ፣ «መሽናት ክልክል ነው»።

ይህን የመጨረሻውን የት ነው የምናየው? ሰው በሚሸናበት አጥር ላይ! ማንም በማይሸናበት አጥር ላይ ማን ይጽፈዋል? ስለዚህ ጽሑፉ ሳያስበው ሌላ መልእክት ያስተላልፋል፦ «እዚህ ብዙ ሰው ይሸናል»።

ይህ ጉዳይ በሳይንስ ተፈትኗል። በአሜሪካ አሪዞና ግዛት ወደ ድንጋይነት የተለወጠ ጥንታዊ እንጨት የሚገኝበት ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ፔትሪፋይድ ፎረስት ይባላል። ጎብኚዎች ቁራጭ እየሰረቁ ያስቸግራሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ ምልክት ያደረጉባቸውን ቁራጮች መንገድ ላይ አስቀምጠው ሁለት ዓይነት ማስታወቂያ አወዳደሩ። አንደኛው «ያለፉት ብዙ ጎብኚዎች እንጨቱን ወስደው ፓርኩን ጎድተውታል» የሚል ነበር። ሁለተኛው በቀጥታ «እባክዎ እንጨቱን አይውሰዱ» የሚል። በመጀመሪያው ማስታወቂያ 8 በመቶ ገደማ ቁራጮች ተሰረቁ። በሁለተኛው ከ2 በመቶ በታች። «ብዙ ሰው ያጠፋል» ብሎ መውቀስ፣ ጥፋቱን የተለመደ ነገር አስመሰለው።

በወረርሽኙ ጊዜ «ሕዝቡ ተዘናግቷል፣ ማስክ የሚያደርግ ጠፍቷል» የሚሉ ስንት ወቀሳዎችን እንደሰማን አስታውሱ። ልባቸው ንጹሕ ነው። ግን አንድ ወጣት ይህን ሲሰማ «ለካ የማላደርገው እኔ ብቻ አይደለሁም» ቢል ይፈረድበታል?

ሌላ ጥናት ልጨምር። አዳም ግራንትና ዴቪድ ሆፍማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ሥራ በአሜሪካ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የእጅ ማጽጃ መያዣዎች ላይ የተለያዩ ጽሑፎችን ለጠፉ። አንዱ «የእጅ ንጽህና እናንተን ከበሽታ ይጠብቃችኋል» ይላል። ሌላው «የእጅ ንጽህና ታካሚዎችን ከበሽታ ይጠብቃል» ይላል። ልዩነቱ አንድ ቃል ነው። ውጤቱ ግን የትየለሌ ነው፤ የማጽጃውን አጠቃቀም ከፍ ያደረገው ሁለተኛው ብቻ ሆነ። ሰው ስለ ራሱ ሲሆን «እኔን አይነካኝም» ይላል። ስለ ሌላው ሲሆን ግን ኃላፊነት ይሰማዋል።

የእኛ ሰባት ወረቀቶች ውስጥ «ሌላ ሰው» የሚባል ገጸ ባሕርይ የለም። አስተናጋጇ የለችም። ጥበቃው የለም። ይህ በእድርና በጉርብትና ለምንኖር ሰዎች በጣም የሚገርም ዝንጋታ ነው።

ውሃ የሌለው «ይታጠቡ»

ከካፌው ጀርባ ሄድኩ። ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ከፈትኩት። ጠብታ የለም። በላዩ ላይ ግን በጥሩ ወረቀት፣ በፕላስቲክ ተለብዶ፣ «እጅዎን ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታጠቡ» ተብሏል።

እ.ኤ.አ. በ1989 ዎጋልተርና ባልደረቦቹ ያሳተሙት አንድ ጥናት እዚህ ጋ ይመጣል። የሕንጻ በር ላይ «ይህ በር ተሰብሯል፣ በሌላው ግቡ» የሚል ማስጠንቀቂያ ለጠፉ። ሌላው በር አጠገብ ሲሆን ሰው በብዛት ታዘዘ። ሌላው በር ሩቅ ሲሆን ግን ብዙው ማስጠንቀቂያውን ችላ አለው። ወረቀቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ለመታዘዝ የሚጠይቀው ድካም ነው። ተመራማሪዎቹ ሌላም ነገር አዩ፦ ፊት ያለው ሰው ሲታዘዝ ተከታዩም ይታዘዛል፤ ፊት ያለው ሲጥስ ተከታዩም ይጥሳል።

በዚህ ሚዛን ካፌዋ ሁለት ጊዜ ወደቀች። ውሃ የለም፤ ስለዚህ መታዘዝ አይቻልም። ሙቀት የሚለካው ጥበቃ ደግሞ ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎታል፤ ስለዚህ ከሁሉም ወረቀት የሚበልጠው ሕያው ማስታወቂያ «ተዉት» እያለ ነው። ፍርዱን ግን ሰውየው ላይ አላደርግም። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ከመቶ ሰው ጋር የሚነታረክ እሱ ነው። ምናልባት ለቀኑ የተሰጠው ማስክ አንድ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ለወረቀቶቹ አንድ ምስጋና አለኝ። ቁጭ ብዬ ሳለ አንድ አዛውንት ያለ ማስክ መጡ። ጥበቃው «አባባ፣ ማስክ» አላቸው። «አንተ ልጅ፣ እኔን ልታስተምረኝ ነው?» አሉት። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኧረ እኔ አይደለሁም አባባ፤ ወረቀቱ ነው» ብሎ ወደ በሩ ጠቆመ። አዛውንቱ ወረቀቱን አዩ፣ ጥበቃውን አዩ፣ ከኪሳቸው የተጣጠፈ ማስክ አወጡ። ታላቅን መቃወም በሚከብድበት አገር ወረቀት ለታናሽ ጋሻ ይሆናል። «ክልክል ነው» ተናጋሪ የሌለው መሆኑ ለአንባቢው ድክመት ቢሆንም፣ ለጥበቃው መሸሸጊያ ሆኗል። ጥሩ ማስታወቂያ ይህን ጋሻነት ሳይጥል ምክንያቱንም መናገር ይችላል።

ትልቁ ጥፋት፦ መስኮቱ ላይ ምንም አልተጻፈም

እስካሁን የተቸሁት አጻጻፉን ነው። አሁን ይዘቱን እንይ።

ማስኬን አድርጌ ገባሁ። ሙቀቴ ተለካ። ተቀመጥኩ። ማኪያቶው መጣ፤ ማስኬን አወለቅኩ። ለአንድ ሰዓት ያህል ከሃያ ከማላንስ ማስክ ያወለቅን ሰዎች ጋር ተቀመጥኩ። ውጭ ዝናብ ነው፤ መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል። ማስኩ የተፈለገው ደጅ ላይ፣ አየር እንደልብ በሚነፍስበት፣ ለአሥር ሰከንድ ነው። የተወለቀው ደግሞ በተዘጋው ክፍል ውስጥ፣ ለአንድ ሰዓት። ስለ መስኮት የሚያወራ ወረቀት ግን ከሰባቱ አንድም የለም።

ለምን? መላ ምቱ ስለተሳሳተ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 2020 በማኅበራዊ ገጹ ኮቪድ በአየር አይተላለፍም ብሎ ነበር። በ2021 ግን ቫይረሱ አየር በደንብ በማይንሸራሸርባቸው የተጨናነቁ ክፍሎች ውስጥ፣ በአየር ላይ በሚንሳፈፉ ጥቃቅን ጠብታዎች እንደሚተላለፍ በግልጽ አስፍሯል። ስለ ዕቃና ጠረጴዛስ? የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 እንደገመተው፣ የተበከለ ነገር በመንካት የመያዝ ዕድል ለአንድ ንክኪ በአጠቃላይ ከ10,000 አንድ በታች ነው። የሙቀት መለኪያውም ቢሆን ክፍተት አለበት፤ ሰው ትኩሳት ሳይኖረው፣ ሕመሙም ሳይሰማው ቫይረሱን ማስተላለፍ ይችላልና።

ስለዚህ «ካፌያችን በየቀኑ በኬሚካል ይጸዳል» የሚለው ወረቀት ውሸት አይደለም። ግን አንባቢውን በተሳሳተ ቦታ ያረጋጋል። ይህ ከመጥፎ ፊደል ይበልጥ የሚጎዳ ጥፋት ነው። የተረጋጋ ሰው መስኮት አይከፍትም።

በመጋቢት 2012 ይህን ባለማወቁ ማንንም አልወቅስም። ሳይንስ እየተማረ ነው የሚሄደው። የምወቅሰው እውቀቱ ሲለወጥ ወረቀቱ አለመለወጡን ነው። ሌላ አማራጭ አልነበረም እንዳይባል፣ ጃፓን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሕዝቧን ከሦስት ነገሮች እንዲርቅ ነግራለች፦ ከተዘጋ ክፍል፣ ከተጨናነቀ ቦታ፣ ከተቀራረበ ንግግር። ሦስቱም ቃላት በጃፓንኛ በአንድ ፊደል ስለሚጀምሩ «ሳን ሚትሱ»፣ ሦስቱ ጥግግቶች፣ ተብለው በቃል ተያዙ። በ2020 መጨረሻም የአገሪቱ የዓመቱ ቃል ሆነው ተመረጡ። ልብ በሉ፤ ይህ መልእክት «ይህን አድርግ» ብቻ አይልም፤ በሽታው እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል። የሚገባው ሰው ወረቀት በሌለበት ቦታም ራሱ ያስባል።

ቤልጂየም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ካፌዎችና ምግብ ቤቶች የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ደንበኛ በሚያየው ቦታ እንዲያስቀምጡ አስገደደች። ከሳንባ የሚወጣ አየር በካርቦን ዳይኦክሳይድ የበለጸገ ስለሆነ፣ ቁጥሩ ሲጨምር ሌሎች የተነፈሱትን አየር እየተነፈስን ነው ማለት ነው። ውጭ ያለ አየር ከሚሊዮን 420 እጅ ገደማ አለው። ቤልጂየሞች ከ900 ሲያልፍ አየሩን ማሻሻል፣ ከ1,200 ሲያልፍ ደግሞ ጠበቅ ያለ እርምጃ መውሰድ ግድ አሉ። ይህ ራሱን በየደቂቃው የሚያድስ ማስታወቂያ ነው። የእኛ ካፌ መሣሪያውን የመግዛት አቅም ባይኖራት፣ መስኮት የመክፈት አቅም ነበራት።

እኔ ብሆን ምን እለጥፍ ነበር?

ተቺ «አንተስ?» መባሉ አይቀርም። ከሰባቱ አንዱን አስቀራለሁ፦ የርቀቱን። ግን በወቅቱ በሰፊው ይነገር በነበረው መለኪያ እጽፈዋለሁ፤ «ሁለት የአዋቂ እርምጃ»። ለእኔ የዚያ ዘመን ምርጥ ሐረግ ይህ ነው። ሜትር ኪሱ ውስጥ የያዘ ሰው የለም፤ እግር ግን ሁሉም አለው። ወረቀቱን የምለጥፈው ሂሳብ መክፈያው ጋ ነው።

በሩ ላይ በትልልቅ ፊደል፦ «አስተናጋጆቻችን ቀኑን ሙሉ ከብዙ ሰው ጋር ናቸው። ለእነሱ ሲሉ ማስክ ያድርጉ። ከሌለዎት ጥበቃውን ይጠይቁ።» ጥበቃው አሁንም «ወረቀቱ ነው» ማለት ይችላል። በተጨማሪም የሚሰጠው ማስክ እጁ ላይ አለ።

መስኮቱ ላይ፦ «በሽታው በአየር ይተላለፋል። ብርድ ቢሆንም ክፍት ይሁን። በረንዳ ላይ መቀመጫ አለን።»

ሦስት ወረቀት፣ ሦስት ቦታ። ኬሚካሉ ይቅር። ጀሪካኑ ላይ ወረቀት አያስፈልግም፤ ውሃ ነው የሚያስፈልገው።

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። ኮሌራ ቢመጣ ትክክለኛው ወረቀት ሌላ ነው፤ ያኔ ስለ ውሃና ስለ እጅ መታጠብ እንጂ ስለ መስኮት አይደለም። ለሁሉም በሽታ አንድ ዓይነት ወረቀት የለም።

ወረቀት ከምክንያቱ በላይ ሊኖር ይችላል። በኅዳር 1911 አገሩን የመታውን የኅዳር በሽታ ለማባረር ቆሻሻ ማቃጠል፣ «ኅዳር ሲታጠን» ተብሎ፣ ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ሰፈሩን በጭስ ይሞላዋል። ያ በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ጭስ አያባርረውም፣ ለሳንባም አይበጅም። ካፌዋ በር ላይም ከሰባቱ አንዱ ወረቀት ለዓመታት ቆይቷል፤ ፀሐይ አደብዝዞት «ክልክል ነው» የሚለው ብቻ ይነበብ ነበር።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ትምህርት ቤታችሁ ውስጥ «እጃችሁን ታጠቡ» የሚል ወረቀት ፈልጉ። ከአስተዳደሩ አስፈቅዱ። መጀመሪያ ውሃና ሳሙና መኖሩን አረጋግጡ። ከዚያ ከ50 ሰው ስንቱ እንደሚታጠብ ቁጠሩ፤ ስም አትመዝግቡ፣ ፎቶ አታንሱ። በሌላ ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ጽሑፉን ወደ «ታናናሾቻችሁን ከበሽታ ጠብቁ፣ እጃችሁን ታጠቡ» ቀይራችሁ እንደገና 50 ሰው ቁጠሩ። ልዩነት ካላገኛችሁም ውጤት ነው። በደንብ ቁጠሩ እንጂ።